ያገቡ ወንድሞች ረድፍ

አምስተኛው ደብዳቤ የደረሰኝ ከፋሲካ በፊት ባለው ረቡዕ ነው። የመንደራችን ባለ ሱቅ ፖስታውን ስትሰጠኝ እንደ ልማዷ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ጓደኛህ እንዴት ያለ የእጅ ጽሑፍ አለው እባክህ!» አለችኝ። ጓደኛዬ። በመንደሬ በሩስትክሉፍ የሉምኮ ስም ይሄ ነው። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል፤ አንድ አልጋ ላይ ተኝተናል፤ የገና በዓል በመጣ ቁጥር ይዤው መጥቻለሁ። ዛሬም ጓደኛዬ ነው። እኔም አንድ ቀን «ጓደኛዬ ብቻ አይደለም» ብዬ አላውቅም።

ደብዳቤውን ወደ ሥራ ቤቴ ወስጄ፣ ግማሽ የተሰፋ ጫማ ጭኔ ላይ እንዳለ ከፈትኩት።

«ኤልሮይ፣

አምስት ሳምንት ሆነ። ስልክህ ዝግ ነው፤ ስለዚህ እንደ አያቶቻችን ወረቀት ላይ መለመን ይዣለሁ። ‹ደክሞኛል› የምትል አንዲት ቃል ጠረጴዛ ላይ ትተህልኝ ሄድክ። ጠበቃ ነኝ፤ ሺህ ገጽ መዝገብ አንብቤ አውቃለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያስቸገረኝ ግን የለም። ምንህ ነው የደከመው? ምኑ ነው ያደከመህ? እኔ ነኝ? ጓደኞቼ ናቸው? ወይስ ወንድ መውደድህ ነው? የምፈራው ይሄን የመጨረሻውን ነው። እዚያ ከጥሩምባህ ጀርባ ተደብቀህ፣ ሰው በጠየቀህ ቁጥር ‹አላገባሁም› እያልክ አንገትህን ስትደፋ ይታየኛል።

ቀጠሯችንን አልሰረዝኩትም። ከፋሲካ በኋላ ያለው ረቡዕ፣ ጠዋት አራት ሰዓት። ፈርመን የምንጋባበት ቢሮ ስማችንን ይዞ ይጠብቀናል። ቅዳሜ እመጣለሁ። መልስህን ፊትህን እያየሁ መስማት እፈልጋለሁ። ‹አልመጣም› ካልከኝ መኪናዬን አዙሬ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛም አላስቸግርህም።

ኮቱን እያስተካከልኩ ነው።

ሉምኮ»

«ወንድ መውደድህ ነው?» የምትለዋ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ወንድ እንደምወድ ያወቅኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ማርሽ ባንድ ውስጥ ከጎኔ ከበሮ ይመታ በነበረ ልጅ ምክንያት ነው። በዚህ ነገር ከፈጣሪዬ ጋር ተጣልቼ አላውቅም። የደከመኝ ሌላ ነው፤ ግን ሌላውን ነገር ለመናገር ቁጭ ባልኩ ቁጥር ቃሉ ይጠፋብኛል። ደብዳቤውን አጥፌ ከአራቱ ጋር አስቀመጥኩና መርፌዬን አነሳሁ። ያን ቀን አንድ ጫማ እንኳ አልጨረስኩም።

ሉምኮን ያገኘሁት ኬፕታውን፣ ጫማ በምጠግንባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ጠበቃ መጣና ከቦርሳው ቁጥር አርባ አምስት የሆነ፣ ቀይ፣ ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ አውጥቶ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠ። አንዱ ተረከዝ ተሰብሯል።

«የኔ አይደለም» አለኝ ሳልጠይቀው። «የጓደኛዬ ነው። መድረክ ላይ ሲጨፍር ወደቀ።»

«እሺ ጌታዬ።»

«የኔ ቢሆንስ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

«ሲረግጡ ወደ ግራ ያደላሉ፣ ይጠንቀቁ እልዎ ነበር።»

ከት ብሎ ሳቀ። የተያዝኩት በዚያ ሳቅ ነው፤ ሌላ ምክንያት ባቀርብ ውሸት ይሆንብኛል።

ባሕሩን የሚያይ ቤቱ ገባሁ። ከእሱ ጋር ዓለሙም አብሮ መጣ። በእሱ ዓለም ወንዶቹ እርስ በርሳቸው «አንቺ» ነው የሚባባሉት። «ነይ እስኪ እህቴ፣ ልሳምሽ! ወይኔ ውፍረትሽ!» እኔን «ጫማ ሰፊዋ መጣች!» ይሉኝ ነበር። በክፋት አልነበረም፤ መውደዳቸው ነው። እኔ ግን በተጠራሁ ቁጥር ማንን ነው የሚሉት ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አያለሁ። በአርባ ሦስት ዓመቴ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ መቆም ጀመርኩ። የማላውቃቸውን ዘፋኞች ስም አጠናሁ። እሁድ ጠዋት እነሱ ከጭፈራ ሲመለሱ እኔ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስወጣ ደረጃው ላይ እንገናኛለን። «ውይ አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ወደሚጠሉሽ ሰዎች ልትሄጂ ነው?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ? እዚያ የሚያዜሙት አባቴ ያስተማረኝን ዜማ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ቀስ በቀስ የመዝሙር መጽሐፌን መሳቢያ ውስጥ ከካልሲዎቼ ስር ማስቀመጥ ጀመርኩ። መንደሬ ውስጥ አንድ ነገር ደብቄ ነበር ያደግኩት። ነጻ ወጣሁ በተባልኩበት ቦታ ደግሞ ሌላውን ደበቅኩ።

ለሉምኮ ግን እነዚያ ሰዎች ቤተሰቡ ናቸው። እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ አባቱ ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ሲቆልፍበት፣ አልጋ ለቀው ያስተኙት፣ የትምህርት ቤት ልብሱን የተኮሱለት እነሱ ናቸው። ይሄን ስለማውቅ ዝም አልኩ። ስድስት ዓመት ዝም ብሎ ፈገግ ማለት እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቀው ፈገግ ያለ ብቻ ነው።

ከዚያ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች በኩራት አደባባይ የሚወጡበት የፕራይድ ሰልፍ ቀን መጣ። ጠዋት ሉምኮ ሳሎን ጠራኝና «ዓይንህን ጨፍን!» አለኝ። ስገልጥ የአባቴን ኮት ይዞ ቆሟል። ጥቁሩ፣ የነሐስ ቁልፎች ያሉት፣ የሩስትክሉፍ ማርሽ ባንድ ኮት። አባቴ ሠላሳ ዓመት ለብሶ ጥሩምባ የነፋበት፤ እሱ ሲያርፍ ለእኔ የተሰጠኝ። እጅጌዎቹ ከትከሻ ተቆርጠዋል። ደረቱ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ወርቃማ ብልጭልጭ ሞልቶታል።

«ጥሩምባህን ይዘህ የሰልፉ መኪና ላይ ከእኛ ጋር ትቆማለህ» አለኝ፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። «ሁልጊዜ ዳር ትቆማለህ አይደል? ዘንድሮ ያንተንም ነገር መሐል አስገባሁት!»

በክፋት አድርጎት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እጮህ ነበር፤ እሳደብ ነበር። እሱ ግን ስጦታ ነበር የሰጠኝ። ኮቱ ምን እንደሆነ የማያውቀው እኔ ነግሬው ስለማላውቅ ነው። ሊለባብስ ወደ ውስጥ ሲገባ ያቺን አንዲት ቃል ጽፌ፣ ጥሩምባዬን ብቻ ይዤ ወደ ታክሲ ተራ ወረድኩ። መንገዱ ሁሉ ባንዲራና ሙዚቃ ነበር። ሰዉ እየሳቀ ሲያልፈኝ፣ የእነሱ በዓል የኔም በዓል እንደሆነ እያወቅኩ፣ እንደ ባዳ በመሐላቸው አለፍኩ።

ቅዳሜ ደረሰ።

በሩስትክሉፍ መካነ መቃብር ባልና ሚስት አብረው አይተኙም። ወንድ ከወንዶች፣ ሴት ከሴቶች ጋር ነው፤ መሐላቸው ሰፊ መንገድ አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ወንድሞች የምንላቸው ወንዶቹም ለሁለት ይከፈላሉ። ያገቡ ወንድሞች በበሩ በኩል፣ ያላገቡ ወንድሞች ከባሕር ዛፎቹ ስር። የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ መኮትኮቻና የኖራ ባልዲ ይዞ ይወጣል። ሰው የሚያጸዳው ታዲያ ዘመዱ ያለበትን ሳይሆን ራሱ አንድ ቀን የሚተኛበትን ረድፍ ነው። ጎረምሳ ሚስት ያገባ እንደሆነ፣ በዚያ ዓመት የፋሲካ ቅዳሜ መኮትኮቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከባሕር ዛፎቹ ስር ወደ በሩ በኩል ይሻገራል። የሚያጨበጭብ የለም፤ ሁሉም ግን ያያል። አብሮ አደጎቼ አንድ በአንድ ሲሻገሩ አይቻለሁ። ያ ከበሮ መቺ ልጅም ተሻግሯል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሕር ዛፍ ስር ነኝ፤ አሁን አጠገቤ የሚያርሙት ጢማቸው ገና ያልጠነከረ ጎረምሶች ናቸው።

ሉምኮ ለፋሲካ መጥቶ ስለማያውቅ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም።

አራት ሰዓት ገደማ መኪናው በሩ ጋ ቆመች። ቁልጭ ያለ ሮዝ ሸሚዝ ለብሷል፤ እግሩ ላይ ያጠለቀው እኔ የሰፋሁለትን ቡናማ ጫማ ነው። ከሩቅ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ከስቷል። ከሴቶቹ በኩል ታላቅ እህቴ ሜርል ቀና ብላ አየችውና የኖራ ብሩሿን ይበልጥ አጥብቃ መቀባት ጀመረች።

አጥሩ ጋ ሄድኩ። ክንዱ ላይ ኮቱን ይዟል።

«እንካ» አለኝ። «እጅጌዎቹን ራሴ ነኝ የሰፋኋቸው። ልብስ ሰፊ ጋ ልወስደው ነበር፤ ከዚያ ራሴ ያጠፋሁትን ራሴ ልስፋው አልኩ። ግራው ትንሽ ተንሻፏል።»

ኮቱን ተቀበልኩት። ብልጭልጩ አንድ በአንድ በመርፌ ተነቅሏል። ጣቶቹን አየሁ፤ ጫፎቻቸው በመርፌ ተወጋግተው ቆስለዋል። መርፌ የያዘ ጠበቃ ማየት ያሳዝናል።

«የአባትህ መሆኑን ለምን አልነገርክኝም?» አለኝ። «ለእህትህ ስልክ ደውዬ ነው የሰማሁት። አፍሬ አለቀስኩ። ለምን አልነገርክኝም ኤል?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ስጠይቅህ ‹ምንም አይደል› ነው የምትለው! ‹ምን ሆንክ?› ‹ምንም አይደል።› ‹ከፋህ ወይ?› ‹ምንም አይደል።› ስድስት ዓመት ከ‹ምንም አይደል› ጋር ነው የኖርኩት!»

«አንተ ጋ ቦታ አልነበረኝም ሉምኮ። እዚያ ቤት ስገባ ለመዝሙሬም፣ በጊዜ ለመተኛቴም፣ ለሆዴም ቦታ አልነበረም። እንደ እናንተ መሆን አቃተኝ። ሞክሬ ነበር እኮ። ጂም ገባሁ፤ ጨፈርኩ፤ ‹አንቺ› ስትሉኝ ‹አቤት› አልኩ። ደከመኝ።»

«እና እዚህ ቦታ አለህ? እዚህ እኔ ማን ነኝ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ሲያደርግ ነው ይበልጥ የሚያመኝ። «ጓደኛህ። ሜርል ልጆቿ ክፍል ውስጥ ለብቻዬ የምታስተኛኝ ጓደኛህ። ኤል፣ እኔም እኮ ደክሞኛል። ሰው ቤት በተጠራን ቁጥር ‹ኤልሮይ የታለ?› ሲሉኝ ‹ራሱን አሞት ነው› እላለሁ። ስድስት ዓመት ራስህን ያመመህ ሰው ሆነሃል። የምወደውን ሰው የለም እያሉ ማስረዳት አያደክምም?»

እውነቱን ነው።

«የሠርጉን ድግስ ሰርዤዋለሁ» አለ። «ሁለት መቶ እንግዳ የለም፣ መድረክ የለም፣ ላባ የለም። ሁለት ምስክር፣ አንተ፣ እኔ። ጓደኞቼን ግን አልተውም። እንድተዋቸው አትጠይቀኝ።»

«አልጠየቅኩህም።»

«አውቃለሁ። ምንም አትጠይቅም።» አየኝ። «ረቡዕ ትመጣለህ?»

አፌ ተከፈተ። ቃሉ አጭር ነው፤ አዎ ወይም አይ። ከጀርባዬ የመንደሬ ሰው በሙሉ ያርማል፤ ከፊቴ እሱ ቆሟል። ሰው ደጋግሞ ሲደክመው ፍቅሩ እንኳ እያለ ጉልበቱ ያልቃል። ዝም አልኩ። ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሲጠፋ አየሁ።

በዚህ መሐል ሁላችንም አንቲ፣ አክስት፣ የምንላቸው ፍሬዳ መጡ። መካነ መቃብሩን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው፤ መኮትኮቻ የሚያድሉትም እሳቸው። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እንኳ ይፈሯቸዋል።

«እናንተ፣ ምን ትጎለታላችሁ?» አሉ። «ዛሬ እዚህ ግቢ ሥራ መፍታት የሚፈቀደው ለሞተ ሰው ነው። አንተ ከተሜው፣ ሞተሃል እንዴ?»

«ልሞት ትንሽ ነው የቀረኝ አንቲ» አለ ሉምኮ።

«እስክትሞት ታርማለህ። እንካ!» ብለው መኮትኮቻ አስጨበጡት።

ሉምኮ አንዴ አየኝ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ። ሰው ፊት እንዳያለቅስ ሥራ የሚፈልግ ሰው መልክ ነበረው። እኔም ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቅዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ ባሕር ዛፎቹ ተመለስኩ። መልሱ «አይ» እንደሆነ፣ እንዲህ ዝም ብዬ እንደሸኘሁት ነበር የገባኝ። ጎንበስ ብዬ አረሙን መንቀል ያዝኩ፤ የምነቅለውን ግን አላየውም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጥታው ነው። የመኮትኮቻው ድምፅ ከበሩ በኩል ቆመ፤ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ሴቶቹ ጋ ቆመ፤ ከዚያ አጠገቤ ያሉት ጎረምሶች ቀና አሉ። እኔም ቀና አልኩ።

ሉምኮ ያገቡ ወንድሞች ረድፍ ውስጥ ተንበርክኳል።

እንዴት እዚያ እንደሄደ ገባኝ። ኦም ካሊ፣ አጎት ካሊ እንደማለት፣ ብቻቸውን ነበሩ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ጥሩምባ ያስተማሩኝ፣ የባንዱ አለቃ፣ የሥርዓት ሰው ናቸው። ከሌሎቹ ርቀው መጨረሻው ረድፍ ላይ በአንድ ጉልበታቸው ሆነው አረም ይታገላሉ። ሉምኮ ሽማግሌ ብቻውን ሲለፋ አይቶ አያልፍም። «አባባ፣ ልርዳዎት» ብሎ ከጎናቸው ተንበርክኳል፤ በዚያ ውድ ሱሪው። አሁን አንገቱን ደፍቶ በቆሰሉ ጣቶቹ ሳሩን ይነቅላል። መንደሩ በሙሉ እያየው እንደሆነ አላወቀም። ኦም ካሊ ግን እጃቸውን አቁመው ያዩታል።

የሚደረገው ነገር ቀላል ነበር። «ሉምኮ! ረድፉ ያ አይደለም፣ ወደዚህ ና» ማለት ብቻ ነው። እንግዳ ነው፤ አያውቅም። ሰው ይስቃል፤ እሱም ይስቃል፤ ከባሕር ዛፎቹ ስር መጥቶ ከእኔ ጋር ያርማል። ሁሉም ይተነፍሳል። ሜርል ከማዶ በዓይኗ እየለመነችኝ ነው። ጥራው ነው የምትለኝ። ለመጥራት አፌን ከፈትኩ።

ምን ብዬ ልጥራው? ናና ካላገቡት ጋር ቁም? ያ ሰው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአንድ ደጅ ወጥቷል። ከዚህ ረድፍ እኔ ነኝ የማስወጣው? ከተማ ውስጥ ቦታ አጣሁ እያልኩ አምስት ሳምንት አዘንኩ። እዚህ ግን ቦታ ስጡኝ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዝም ያልኩት ሁለቱም ጋ ነው። ሁለቱም ጋ ዳር ቆሜ፣ ዳር ቆምኩ ብዬ ሰው ሳማ ነው የኖርኩት። እሱ ሳያውቅ በጉልበቱ የገባበትን ቦታ፣ እኔ እያወቅኩ በእግሬ መግባት አቃተኝ።

መኮትኮቻዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

ከባሕር ዛፎቹ እስከ በሩ ስልሳ እርምጃ አይሞላም። ከአብሮ አደጎቼ መሐል አንዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ አንድ ጎረምሳ «ኤልሮይ ወዴት ነው?» ሲል አባቱ «ዝም በል» አለው። ከመንገዱ ማዶ ባልዲ ሲጋጭ ሰማሁ። ሜርል ናት፤ ባልዲዋን አንስታ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቤት መሄድ ጀመረች። ልጠራት ፈልጌ ነበር፤ ብቆም ግን እንደማልቀጥል ስላወቅኩ አልቆምኩም።

ደርሼ ከሉምኮ ጎን ቆምኩ። ኦም ካሊ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ኤልሮይ።»

«አቤት ኦም ካሊ።»

«ይሄ የማን ረድፍ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እሱስ ያውቃል?»

«እሱ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።»

አዩኝ። ልጅ ሆኜ ዜማ ስስት የሚያዩኝ አስተያየት ነው፤ ቁጣ ይሁን ማሰብ ይሁን ለይቼው አላውቅም።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ረቡዕ። ጠዋት አራት ሰዓት።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አዎ ኦም ካሊ።»

«በሥርዓቱ ከሆነ ይሄ ስህተት ነው። ሰው አግብቶ ነው እዚህ የሚገባው። አራት ቀን ቀድማችኋል።» አረሙን አዩት፤ ሉምኮን አዩት፤ መልሰው አረሙን። «ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ብዙ ይባላል። ይሄ ሳር ግን እስከ ረቡዕ አይጠብቅም። እናንተ ከዚያ ጫፍ ጀምሩ።»

ብለው ተንበረከኩ። አንድ መኮትኮቻ የሆነ ቦታ መሬት መታ፤ ቀጥሎ ሌላው። ሁሉም አልነበሩም፤ ሁለት ቤተሰብ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ አይቻለሁ። ከመንገዱ ማዶ ግን የአንቲ ፍሬዳ ድምፅ መጣ፤ እሳቸው ሹክሹክታ አያውቁም።

«ኤልሮይ! እኔና ባሌ ፍሪትስ አርባ አንድ ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ ይኸው እሱ እዚያ እኔ እዚህ ልንቀር ነው። እናንተ ጎን ለጎን ልትጋደሙ? ይሄ ፍትሕ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ እንባዬ ቀድሞ ነበር።

ሉምኮ ከጉልበቱ ሳይነሳ ቀና ብሎ ያየኛል። ፍርድ ቤት የማይጨነቅ ሰው፣ ሺህ ሰው ፊት መኪና ላይ ቆሞ የሚጨፍር ሰው፣ ግራ ገብቶታል።

«ኤል፣ ሰው ሁሉ ለምን ያየናል? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። የገባኸው ያገቡ ሰዎች ረድፍ ውስጥ ነው። እዚህ የሚያርመው ያገባ ብቻ ነው።»

እጁ ላይ ያለውን ሳር አየው። ልክ የሰው ዕቃ ሰብሮ እንደተያዘ ሰው ሳሩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«አላወቅኩም። ልውጣ?»

«አትውጣ።»

«እና አንተ ለምን መጣህ?»

«ስለደከመኝ።»

«ደብዳቤዬ ላይ ጠይቄህ ነበር» አለ። «ምኑ ነው ያደከመህ?»

በእጄ ወደ ባሕር ዛፎቹ አሳየሁት። «ያኛው ረድፍ» አልኩት።

አጠገቡ ተንበረከክኩ። ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ፤ ማናችንም አልሸሸንም። እስኪመሽ አረምን።

ማታ ቤት ስንገባ የሜርል ክፍል በር ተዘግቷል። ማድ ቤት ጠረጴዛው ላይ ግን በኮምጣጤና በካሪ የተዘፈዘፈው የፋሲካ ዓሣ ሁለት ሳህን ላይ ቀርቦ ተከድኗል። ሉምኮ ሳህኖቹን ቆጥሮ ወደ ተዘጋው በር አየ። ለትንሣኤ ጎህ ሲቀድ ባንዱ መካነ መቃብሩ ውስጥ ቆሞ ይነፋልና ኮቱን ለካሁት። ግራው እጅጌ አጥሯል፤ ክንዴን ሳነሳ ብብቴ ስር ይይዘኛል።

«በፋሲካ ዋዜማ ስንት ሰዓት ነው የምትተኙት እዚህ?» አለኝ።

«ሁለት ሰዓት። ሌሊት አሥር ላይ እንነሳለን።»

«አምላኬ ሆይ!» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሳቁን ሰማሁት። «ረቡዕ ማታ ግን ጓደኞቼ ቤት ይመጣሉ። ‹ጫማ ሰፊዋ አገባች› ይሉሃል፤ ከወዲሁ እወቀው።»

«ይበሉ። እስከ ሦስት ሰዓት እቆያለሁ። ከዚያ ራሴን አሞኝ ሳይሆን እንቅልፌ መጥቶ እንደሄድኩ ንገራቸው።»

ሊያስተካክልልኝ ቀረበና ኮሌታዬ ላይ አንድ ነገር አየ። ከነቀለው ሁሉ ያመለጠች አንዲት ወርቃማ ብልጭልጭ፣ ስፌቱ ውስጥ ተወሽቃለች። በጥፍሩ ሊያወጣት እጁን ዘረጋ።

«ተዋት» አልኩት።

እጁ እዚያው ኮሌታዬ ላይ ቀረ። ከተቀመጥኩበት ወንበር ለመነሳት አቅም አልነበረኝም፤ ወገቤም ጉልበቴም ዝሏል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፌ መጣ።